ያለፈው ወር

ኮምፒውተሩ ጋምቤላ የገባ ዕለት ግርግሩን ያየ ሰው ሙሽራ የመጣች ነበር የሚመስለው። ክልሉ ራሱን ከቻለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሹሙ ደግሞ ግምገማ በመጣ ቁጥር አዲስ። እንግዲህ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አንድ ማሽን ከነማተሚያው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ያንን ሁሉ ጭቃ ተንገላትቶ መጥቶ በመድኃኒት ስርጭት ጽሕፈት ቤቱ ጥግ ላይ ጉብ ያለው።

አብሮት የመጣው የአዲስ አበባ ባለሙያ ሙቀቱ አላስቀምጥ ስላለው ብዙ አልቆየም። በቆየባቸው ቀናት ያስተማረው አቻንን ነው። አቻን የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ነች፤ አኙዋ፣ ባሮ ዳር ያደገች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደች፣ አንዴ ያሳዩዋትን ነገር ደግመው የማያሳዩዋት ሴት።

«አየሽ፣» አላት ባለሙያው ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ «በየጤና ጣቢያው ስንት ሰው በወባ እንደታከመ በየቀኑ ታስገቢያለሽ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። ለየትኛው ጣቢያ ምን ያህል ክኒን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚረከብ፣ ሁሉን ጽፎ ያወጣልሻል።»

«ከስንት እስከ ስንት ያለውን ቀን እንደሚቆጥር በየወሩ የሚነግረው ማነው?»

«ማንም! ቀን አልጻፍኩበትም እኮ። ‹ያለፈው ወር› ብቻ ነው ያልኩት። ዛሬ ስንት መሆኑን ካወቀ ያለፈውን ወር ቆጥሮ ራሱ ያገኘዋል። የዘንድሮም የከርሞም ሪፖርት አለቀ ማለት ነው።»

አቻን ነገሩን ወደደችው። ወር በመጣ ቁጥር ካርቦን አነባብራ ስትቀጠቅጥ መዋል ሊቀርላት ነው፤ ማን ይጠላል?

«አንድ ነገር ልብ በዪ፣» አለ ሻንጣውን እየዘጋ። «ወሩ አንዴ ከታተመ ይቆለፋል። ማንም ተመልሶ ቁጥር አይነካካም። መክፈቻው እኔ ጋ ብቻ ነው።»

ይሄ ቁልፍ ያለ ነገር አልመጣም። ከዚያ በፊት የመጋዘኑ ኃላፊ ቦል የሚባል የዋህ ሰው ነበር። ሹማምንቱ የመጪውን ወር ወረቀት ቀድመው እየፈረሙ ይልኩለታል፣ እሱም አምኖ ይሰጣል። ኋላ ክኒኑ ገበያ መሃል ከጨውና ከሳሙና ጋር ተደርድሮ ሲሸጥ ተገኘ። የፈረሙት ሹማምንት ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወሩ፤ ቦል እስር ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ማሽኑ ያተመው፣ ሹሙ የፈረመበት፣ ቀኑ የደረሰ ወረቀት ካልመጣ ከመጋዘኑ አንዲት ፍሬ ክኒን አትወጣም። በቦል ቦታ የገባው ዱዋል ይህንን ሕግ እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ነው የያዘው።

ባለሙያው ከሄደ በኋላ ነው እንግዲህ ጉዱ የተጀመረው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሙሉብርሃን ይባላል፤ ደገኛ ነው፣ ክፋት የማያውቅ፣ ግን ግምገማ የሚባል ነገር ሲነሣ ቀልቡ የሚገፈፍ ሰው። አንድ ቀን የማሽኑን መስታወት አፍጥጦ አየና፣

«አቻን፣ ይሄ የማን አገር ቀን ነው?» አላት።

«የፈረንጅ ነው፣ ጋሼ።»

«ጤና ጣቢያዎቹ በኛ ቀን ይልካሉ፣ አንቺ ስትቀይሪ ትውያለሽ፣ ሹሞቹ ሪፖርቱ ሲደርሳቸው ደግሞ መልሰው ይቀይሩታል! ምን የሚሉት ሥራ ነው? የኛን ቀን አስገቢበትና እንገላገል።»

እሷም አስገባችበት። መስከረምን አንድ፣ ነሐሴን አሥራ ሁለት፣ ዓመቱን ዘጠና አንድ ብላ ሰጠችው። ማሽኑ ምን ያውቃል? ቁጥር ነው፣ ዋጠው። ወር በገባ ቁጥር ትንሽ ዝንፍ ይላል፣ እሷ ታስተካክለዋለች፤ በቃ። ጥቅምት ላይ ብቻ እንደ ፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ቆጥሮ ዘሎ ኅዳር ገባና ሪፖርቱን ቀድሞ አተመው። የቀሩትን ሁለት ቀናት ሕመምተኞች አቻን ኅዳር ላይ ጨመረቻቸው። አቶ ሙሉብርሃን ደግሞ ከቢሮው ሁሉ ቀድሞ ሪፖርት ያቀረበ ተብሎ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። ያኔ ነበር መንቃት። ግን እስቲ ማነው እየተጨበጨበለት የሚነቃ?

አኳይን ደግሞ እንወቃት። አኳይ የአቻን ታናሽ እህት ናት፤ ከአቦቦ ወዲያ፣ ከአልዌሮ ግድብ አለፍ ብሎ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ተመድባለች። ነርስም እሷ፣ ካርድ አውጪም እሷ፤ ከሷ በቀር ያለው ኦቹዶ የሚባለው ዘበኛ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ቁጥሯን ትልካለች። ቁጥር በአማርኛ ነው፣ ደንብ ነው። ቁጥሩ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ወደ ቋንቋቸው፣ ወደ አኙዋ ይዞራሉ።

«ያ ቀሚሴ የታለ?» ትላለች አኳይ።

«የቱ ቀሚስ?»

«የቱ ትይኛለሽ እንዴ! እሑድ ለመዘምራን የለበስሽው! ሰዎች ነግረውኛል።»

«አንቺ መዘምራኑን ትተሽ ሄደሽ ቀሚሱ ለማን ይቀመጥ?» ትላለች አቻን፤ ይሳሳቃሉ። ሌላው ጣቢያ ተራውን እየጠበቀ በሬዲዮው ውስጥ ይጉረመረማል። እናትና አባት የላቸውም፤ አንዷ ላንዷ ያላት እሷው ናት።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመቱ አለቀና ጳጉሜ መጣች።

ፈረንጅ ጳጉሜ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ማሽኑም አያውቅም። አቻን ይህን አስባበት ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ የማሽኑን ቀን በየጠዋቱ ሠላሳ ላይ እየመለሰች፣ የጳጉሜን ሕመምተኞች በነሐሴ ሠላሳ ልታስገባ ነው ዕቅዷ። አልሞኝም ብላ ነበር። ጳጉሜ አንድ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ግን ማሽኑን አላስነሣችውም፤ ጳጉሜ ሁለት ቀን ከገበያ ጎራ ብላ ትንሽ አርፍዳ ቢሮ ብትደርስ፣ አቶ ሙሉብርሃን በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ማሽኑ ካንቺ ቀድሞ ሥራ ገባ!» አላት ወረቀቱን እያውለበለበ። «እኔው ራሴ አስነሥቼው፣ ሳልነካው ቀጭ ቀጭ ብሎ አተመ። ፈርሜ ለመጋዘንም ላክሁ። ከበዓሉ በፊት ተገላገልን!»

አቻን ወደ ማሽኑ ሮጠች። በማሽኑ ቤት ነሐሴ ሠላሳ አንድ ብሎ አልፎ፣ ዛሬ መስከረም አንድ፣ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ሆኗል። አዲስ ዓመት ለብቻው አክብሯል! ያለፈው ወር ታትሟል፣ ነሐሴ ተቆልፏል።

«ጋሼ፣ ጳጉሜስ?»

«ጳጉሜ ምን አላት? ጥቂት ቀን። እንደ ጥቅምቱ መስከረም ላይ ጨምሪያታ።»

እውነትም እንደ ጥቅምቱ ነው። የጳጉሜን ቁጥር በመስከረም ሥር ማስገባት ጀመረች።

ወባው ግን እንደ ጥቅምቱ በሁለት ቀን የሚያልፍ አልነበረም። ነሐሴን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ፣ ዝናቡ ሲያባራና ውኃው በየጉድጓዱ ሲቆም ተነሣ። በማግስቱ ጠዋት አኳይ የላከችው ቁጥር የአንድ ሳምንት ያህል ነበር። በሦስተኛው ቀን አቻን «ደግመሽ በዪው» አለቻት፤ የሰማችው ትክክል አልመሰላትም።

«ትክክል ነው፣» አለች አኳይ። «ጥላው ሥር አስተኝቻቸዋለሁ፤ ቤቱ አልበቃም። ለመስከረም የላካችሁልኝ ክኒን ግን ይሄ ብቻ ነው?»

«ያለፈውን ወር አይቶ ነው የሚሰጠው።»

«ያለፈው ወርማ ሰው ደህና ነበር!»

እንቁጣጣሽ እንዲሁ አለፈ። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት አኳይ ቁጥሩን ጨርሳ ወደ አኙዋ ሳትዞር፣ በአማርኛ፣ በደንቡ፣ «ክኒን የለኝም። አልቋል። ተቀብለሻል?» አለች።

«ተቀብያለሁ፣» አለች አቻን።

አቶ ሙሉብርሃን ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ያለ ማሽኑ ወረቀት ክኒን ለማውጣት ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ በግምገማ ፈርሷል፤ አዲሱ ገና አልተሰየመም፤ የሚሰይሙት ሰዎች አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ናቸው። ለባለሙያው ስልክ ተደወለለት፤ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል አሉ። መጋዘኑ ቢሮው ፊት ለፊት ነው፣ ሰው ተጣርቶ የሚሰማማበት ቦታ፤ በመስኮቱ ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ይታያል። እርር ድብን ያደርጋል!

«እኔ ምን ላድርግ አቻን? እጄ ታስሯል እኮ!»

«ጋሼ፣ አንድ መላ አለ፣» አለች አቻን። ስታውጠነጥነው ነው የሰነበተችው። «ማሽኑ የሚያትመው ወር ሲገባ ነው አይደል? ጥቅምት አንድ ነው ብዬ ልዋሸው። ያለፈውን ወር ሲቆጥር መስከረምን ያገኛል፤ ጳጉሜን ሙሉ ያስገባሁት መስከረም ላይ ነው። ለአኳይ የሚገባት ይወጣል።»

«ያልደረሰ ቀን ላይ ልፈርም?» ፊቱ ዐመድ መሰለ። ቦልን አስታወሰ መሰለኝ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ፣ «የሰው ነፍስ ነው፣» አለና «አውጪው» አላት።

አቻን ማሽኑን ዋሸችው፤ ማሽኑም አመናት። ቀጭ ቀጭ ብሎ አተመ። ያለፈው ወር፤ የአኳይ ጣቢያ፤ ካርቶኑ ብዙ፤ ተረካቢ አኳይ። አቶ ሙሉብርሃን ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። አቻን ወረቀቱን ይዛ ግቢውን በሩጫ አቋረጠች፤ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ እንኳ አልተመለሰችም።

ዱዋል ረጅም፣ ዝምተኛ ኑዌር ነው። ወረቀቱን ተቀበለ። ቀስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ጣቱን ከላይ ጥግ ላይ አሳረፈ።

«እህቴ፣ ወረቀት ጥሩ ነው። ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። ቀን ግን ጥቅምት አንድ ነው የሚለው። ዛሬ ጥቅምት አይደለም።»

«ዱዋል፣ ሰው እየሞተ ነው! እህቴ ብቻዋን ናት!»

«አውቃለሁ። ሬዲዮ እሰማለሁ እኮ።»

«እና ክፈተው! ቀኑን በእስክሪብቶ እናስተካክለው!»

«ስርዝ ድልዝ ካለ አልቀበልም፣ ታውቂያለሽ።» የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ቦል ስድስት ልጅ አለው። ልጆቹ አሁን እኔ ቤት ነው የሚበሉት። ቀን ባልደረሰ ወረቀት ነው የታሰረው። እኔ ስታሰር የኔንም የቦልንም ማን ያበላል? አንቺ ንገሪኝ።»

ብትሰድበው ደስ ባላት፤ የሚሰደብ ሰው ግን አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ቀን ሲደርስ እኔ ራሴ እጠራሻለሁ፣» አላት።

ወደ ቢሮ ተመለሰች። የማሽኑን ቀን ወደ ቦታው መልሳ የዚያን ቀን ሕመምተኞች ልታስገባ ቁልፎቹን ነካካች። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸ። ወሩ ተዘግቷል ይላል። ደግማ ሞከረች። ወሩ ተዘግቷል። ለካ መስከረምን በገዛ እጇ አትማ ቆልፋዋለች። ገና አሥራ ምናምነኛው ቀን ላይ ያለ ወር! ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጥቅምት በወባ የሚወድቅ ሰው ሁሉ ለማሽኑ አልታመመም ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አቶ ሙሉብርሃንም አይቷት በሩን ገርበብ አድርጎላት ወጣ።

በዚያው ከሰዓት ከተማው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ ዞረች። ሰው ቀድሟት አራቁቶታል። ከአንዱ መደርደሪያ ጥግ ለአንድ ሰው የሚሆን ክኒን አገኘችና ወደዚያ በሚሄድ የቤተ ክርስቲያን መኪና ላከች። ላዩ ላይ የአኳይን ስም በትልቁ ጻፈችበት። በሦስተኛው ቀን በሬዲዮ፣

«ደረሰሽ?» አለቻት በአኙዋ።

«ደረሰኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«ዋጥሽው?»

«ቁጥሩን ልስጥሽ፣» አለች አኳይ በአማርኛ።

«አኳይ! ላንቺ ነው የላክሁት! ላንቺ ብቻ!»

«አንዲት ሴትዮ ልጇን ታቅፋ ፊቴ ተቀምጣለች አቻን። ማታም እዚያው፣ ጠዋትም እዚያው። እያየችኝ እኔ ልዋጠው? አንቺ ብትሆኚ ትውጪው ነበር?»

«አዎ! እውጠው ነበር!» ብላ ጮኸች አቻን።

«ውሸታም፣» አለች አኳይ፤ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ድካም ነበረበት። «ድምፄ ለምን እንዲህ ሆነ እንዳትዪኝ፣ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኛል። ቁጥሩን ጻፊ።»

አቻን ጻፈች። ማሽኑ እንደማይቀበላት እያወቀች በወረቀት ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት በአኳይ ፈንታ የወንድ ድምፅ መጣ። «ኦቹዶ ነኝ፣ ዘበኛው። ሲስተር ተኝታለች። ትኩሳቱ ራሷ ላይ ወጥቷል፣ ሰው አትለይም።» አቻን ማይኩን ጥላ ወደ አቶ ሙሉብርሃን ሮጠች። እሱ ይህን ጊዜ እንኳ አላንገራገረም። ሾፌሩን አስጠራ፣ የሥራ ትእዛዝ ሳይጽፍ መኪናውን ሰጣት፤ ሾፌሩም ተነሣ። ከአቦቦ ወዲያ ግን መንገዱ ጭቃ ነበረና መኪናው እስከ አንገቱ ገባበት። የአካባቢው ሰው ተጠራርቶ ቢገፋ ቢጎትት ንቅንቅ አልል አለ። እዚያው አደሩ። ሲነጋ አቻን ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ጀመረች። ግማሽ መንገድ ላይ ኦቹዶን አገኘችው፤ ሊነግራት ነበር የመጣው። ገና ከሩቅ ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ።

አኳይን እዚያው፣ ከጣቢያዋ ጀርባ ቀበሯት። ያቺ ሴትዮ ልጇን አዝላ መጥታ ነበር፤ ልጁ ድኗል። አቻን አየችው፤ እጇን ዘርግታ ራሱን ነካችው፤ ትኩሳት የለውም። ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

ወደ ከተማ ስትመለስ መዘምራኑ ቤቷ መጥተው አብረዋት ተቀመጡ። ያንን ቀሚስ አጥባ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ሥራም ገባች፤ ምን ይደረጋል፣ ሌሎቹ ጣቢያዎች ቁጥር ይልካሉ። ማሽኑን ስታስነሣው ግን ቀኑን አታየውም፤ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

አንድ ጠዋት ዱዋል ግቢውን አቋርጦ ራሱ መጣ። ጎንበስ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ቃሉን ነው የጠበቀው፤ ጥቅምት አንድ ነበር።

«ቀን ደርሷል፣» አላት። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ተከትላው ሄደች። ካርቶኖቹን ራሱ ተሸክሞ አውጥቶ በሩ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ብዙ ናቸው፤ ማሽኑ ጳጉሜንና የመስከረምን መጀመሪያ ቆጥሮ፣ ለአንዲት ጣቢያ ከሚገባት በላይ ፈቅዷል። መኪናው ቆሟል፣ መንገዱም ደርቋል። ያ የታጠፈ ወረቀት በዱዋል እጅ ነው።

«እዚህ ላይ ተረካቢ መፈረም አለበት፣» አለ። «ተረካቢ የሚለው... እህቴ፣ ሌላ ወረቀት ይምጣ? ስሙን ቀይረው ያትሙት?»

አቻን ወረቀቱን ተቀበለችው። ያለፈው ወር ይላል። ተረካቢ፣ አኳይ። የተረካቢ ፊርማ የለም፣ ስርዝ ድልዝ የለም፣ ቀኑም ደርሷል።

«ወሩ ተዘግቷል፣ አይቀየርም፣» አለች። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ፣ እሷና አኳይ ልጆች ሳሉ በአንድ ደብተር ላይ ሲለማመዱት የነበረውን የእህቷን ፊርማ አስመስላ ፈረመች። «ጫንልኝ። ለሷ ነው የሚለው።»